ቀበቶው ስም ይያዝ፣ ገመዱ ደረት ላይ ይሁን

አንዲት አንባቢ እንዲህ ብለው ጠይቀዋል፦ «የ5 ወር ቡችላ አለኝ። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ የመኪና ጥሩምባ አስደነገጠው። ወደኋላ ሲፈናጠር የአንገት ቀበቶው በጭንቅላቱ ሾልኮ ወጣና አመለጠኝ። ያገኘው ልጅ አንገቱ ላይ ምንም ስላልነበረ ማንን እንደሚጠራ ጨንቆት ነበር፤ በር እያንኳኳ ነው ያደረሰልን። ቤት ውስጥ የ8 ዓመት ሴት ውሻም አለችን። እሷ ቀበቶ አድርጋ አታውቅም። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ሲታገሉ ነው የሚውሉት። ጎረቤቴ ‹ሲጎትት የሚያንቀውን ሰንሰለት ግዢለት፣ በአንድ ቀን ይማራል› ይለኛል። የትኛውን ቀበቶ ልግዛ? ቀበቶው ላይ በሚንጠለጠለው መለያ፣ በታጉ ላይስ ምን ይጻፋል? ማይክሮቺፕ ከገባለት ታግ ያስፈልገዋል ወይ?»

እንኳን በሰላም ተገኘልዎ። በር እያንኳኳ የሚያደርስ ልጅ ሁልጊዜ አይገኝም።

ወደ ቀበቶ ዓይነት ከመሄዳችን በፊት ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና አንድ ነገር እንለይ። ውሻ አንገት ላይ የምናስረው ነገር ሁለት ሥራ አለው። አንዱ መለያ መሸከም ነው። ውሻው ብቻውን ሲገኝ «የእገሌ ነኝ» ይልለታል። ሌላው ውሻውን መያዝ ነው። ገመድ ይታሰርበታል፣ ውሻው ሲፈናጠር ያስቀረዋል። ብዙዎቻችን ለሁለቱም አንድ ቀበቶ እንገዛና ጨረስን እንላለን። ሁለቱ ሥራዎች ግን ይጋጫሉ። መለያ የሚሸከመው ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ ስለሚውል ቀላል መሆን አለበት፤ አንድ ነገር ላይ ቢያዝም ቢለቅ ይሻላል። ውሻ የሚይዘው ግን በምንም ተአምር መልቀቅ የለበትም። የእርስዎ ቡችላ ቀበቶ ስምም አልያዘ፣ ውሻውንም አልያዘ።

ስለዚህ ሁለቱን ሥራ ይለያዩዋቸው። አንገቱ ላይ መለያ ያለው ቀላል ቀበቶ ይዋል። ገመዱ ደግሞ በደረቱ ዙሪያ በሚታሰረው ሃርነስ ላይ ይሁን። ለጥያቄዎ ዋናው መልስ ይኸው ነው። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ግን ውሻ የሚጎዳውም የሚድነውም በዝርዝሩ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

የጎረቤትዎን ምክር አስቀድሜ ልመልስ። በቅን ልብ እንደተናገሩ አልጠራጠርም። ድሮ አሠልጣኞችም የሚሉት ይህንኑ ነበር። ማነቂያው ሰንሰለት ግን መቆሚያ የለውም፤ በተሳበ ቁጥር ይጠብቃል። አንገት ውስጥ ያለውን ደግሞ ያስቡት። የአየር ቧንቧው አለ፤ ከለስላሳ አጥንት በተሠሩ ቀለበቶች የቆመ ነው። በግራና በቀኙ የታይሮይድ ዕጢ አለ። ከጭንቅላት ደም የሚመልሱት ትልልቅ ሥሮች አሉ። ነርቮች አሉ። ይህ ሁሉ ከቆዳው ሥር ብዙም ሳይርቅ ነው ያለው። የ5 ወር ቡችላ ደግሞ ገና አልጠነከረም።

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት ውሾች በአንገት ቀበቶ ሲጎትቱ የዓይናቸው ውስጥ ግፊት እንደሚጨምር አሳይቷል። በደረት ማሰሪያ ሲጎትቱ ግን ያ ጭማሪ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም ያሉ ተመራማሪዎች የተለያዩ ቀበቶዎችን የውሻ አንገት በሚመስል ሞዴል ላይ ሞከሩ። ሰፊውም፣ ውስጡ ስፖንጅ ያለውም ሳይቀር፣ ጠንከር ብሎ ሲሳብ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ጫና አንገት ላይ አሳረፈ። እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ተራውና ለስላሳው እንዲህ ከሆነ፣ ለማነቅ ተብሎ የተሠራውማ ምን ሊያደርግ ነው?

ደግሞ «ይማራል» የሚለው ነገር አለ። አዎ፣ ይማራል። ግን የሚማረው እኛ ያሰብነውን ላይሆን ይችላል። ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር አንገቱ ከታነቀ፣ መኪና ማለት የአንገት ሕመም ነው ብሎ ይይዘዋል። በሚቀጥለው ጊዜ የሚደነግጠው በእጥፍ ነው። ሹል ጥርስ ያለው ሰንሰለትም፣ ኤሌክትሪክ የሚነዝረውም እዚያው ናቸው። ጎረቤትዎን አመስግነው ይለፏቸው።

አፍንጫቸው ጠፍጣፋ የሆኑ እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉ ውሾች ድሮም መተንፈስ ይከብዳቸዋል፤ ገመድ አንገታቸው ላይ ባይታሰር እመርጣለሁ። እንደ ቺዋዋ፣ ፖሜራኒያንና ዮርክሻየር ቴሪየር ያሉት ትናንሾች ደግሞ የአየር ቧንቧቸው የመልፈስፈስና የመጥበብ ዝንባሌ አለው። ሲጎትቱ እንደ ዝይ ድምፅ ያለ ደረቅ ሳል የሚያስሉ ከሆነ ሐኪም ይያቸው። ግላኮማ፣ ማለትም የዓይን ውስጥ ግፊት የሚጨምርበት በሽታ፣ ያለበት ውሻም እንዲሁ በደረት ማሰሪያ ብቻ ይውጣ።

ሃርነስ ሲመርጡ ከፊት ሲያዩት የ«Y» ቅርጽ ያለውን ይፈልጉ። ማሰሪያው በደረት አጥንቱ ላይ ወርዶ በፊት እግሮቹ መካከል ያልፋል፤ ትከሻውን ነፃ ይተዋል። ትከሻው ላይ አግድም የሚያርፈው ዓይነት እርምጃውን ያሳጥርበታል። ደረቱ ላይ የገመድ ቀለበት ያለው ደግሞ ለሚጎትት ውሻ ጥሩ ነው፤ ሲጎትት ወደ ጎን ስለሚያዞረው መጎተቱ አይጥመውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ውሻ ከሃርነስም ሾልኮ ይወጣል። የሚወጣውም የእርስዎ ቡችላ እንዳደረገው ነው፤ ፊቱን ወደ እርስዎ አዙሮ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ፣ ወደኋላ እየተሳበ። ለእንዲህ ዓይነቱ ደንጋጣ ውሻ ከጎድን አጥንቱ በስተኋላ፣ ወገቡ ጋ፣ ሦስተኛ ማሰሪያ ያለው ሃርነስ ይሠራለታል። ካላገኙ ሃርነሱንና የአንገት ቀበቶውን አጭር ማገናኛ ገመድ ያያይዛቸው። ሃርነሱ ቢወልቅ በቀበቶው ይተርፋል። ይህ ማገናኛ የሚያገለግለው ግን ቀበቶው ተራ፣ የማይለቅ ዓይነት ከሆነ ብቻ ነው። መውጫ በር ላይ ሆነው ደግሞ አንዴ ወደኋላ ሳብ አድርገው ይሞክሩት። ከሾለከ በረንዳ ላይ ይሹለክ።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። ሰው ስለ ብራንድና ስለ ቀለም አንድ ሰዓት ይጠይቀኛል፤ ስለ ልክ ግን የሚጠይቀኝ የለም። እኔ ብሆን ከውድ ቀበቶ በልኩ የታሰረ ርካሽ ቀበቶ እመርጣለሁ።

የልብስ ሰፊ ሜትር ይያዙና የአንገቱን ዙሪያ ይለኩ፤ ቀበቶው ከሚያርፍበት ቦታ ላይ። ሜትር ከሌለ ክር ለክተው በማስመሪያ ይዩት። ቀበቶውን ካሰሩ በኋላ ሁለት ጣትዎ ጠፍጠፍ ብሎ ከሥሩ መግባት አለበት። እየታገለ ከገባ ጠብቋል። ሦስትና አራት ጣት ከገባ ላልቷል። በጣም ትንሽ ለሆነ ውሻ አንድ ጣት ይበቃል። ሁለተኛው ፈተና የበለጠ ይነግርዎታል። ውሻው አንገቱን ወደ መሬት ሲያቀረቅር ቀበቶውን ቀስ አድርገው ወደ ጆሮው ይሳቡት። ጆሮውን ካለፈ፣ መንገድ ላይ የሆነው ነገር እንደገና መሆኑ አይቀርም።

የላላ ቀበቶ ጉዳቱ ማስመለጥ ብቻ አይደለም። ውሻው ሲያክክ የኋላ እግሩ ይገባበታል። ቡችላ ደግሞ የታችኛውን መንጋጋውን እየከተተበት መውጣት ያቅተዋል። «ላላ ይበልለት፣ እንዳይጨንቀው» የሚለው ደግነት እዚህ ላይ አይሠራም።

የጠበቀውማ ይብሳል። በሥራዬ ካየኋቸው ከማይረሱኝ ነገሮች አንዱ የቡችላነት ቀበቶው ሳይቀየርለት ያደገ ውሻ ነው። ባለቤቶቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ጸጉሩ ረጅም ስለሆነ ቀበቶው አይታይም ነበር። ያመጡት «ይሸታል፣ መታጠብ አልወደደም» ብለው ነው። ጸጉሩን ስንላጨው ቀበቶው ቆዳው ውስጥ ገብቷል፤ ሥጋው ዙሪያውን በቅሎበት ነበር። በማደንዘዣ ነው ያወጣነው። ዳነ፣ ግን አንገቱ ላይ ጸጉር የማያበቅል ጠባሳ ቀረ። ስለዚህ የ5 ወር ቡችላዎን በየሳምንቱ በጣትዎ ይፈትሹት። በዓይን አይደለም፣ በጣት። ዕድገቱ እስኪቆም ሁለትና ሦስት ቀበቶ ይፈጃል። ውድ ቆዳ ለአሁኑ አይግዙለት።

ግሬይሀውንድና ዊፔትን የመሳሰሉ ጭንቅላታቸው ከአንገታቸው የቀጠነ ውሾች ከተራ ቀበቶ ሁልጊዜ ይሾልካሉ። ለእነሱ ማርቲንጌል የሚባለው አለ። ተጨማሪ ትንሽ ዙር ያለው ቀበቶ ነው፤ ሲሳብ በጥቂቱ ጠበብ ይልና በልኩ ይቆማል። አያንቅም፣ አይሾልክምም። ከማነቂያው ሰንሰለት የሚለየው በዚያ መቆሚያ ነው፤ ልኩ የሚስተካከለውም ሙሉ በሙሉ ሲጠብቅ የአንገቱን ልክ እንዲያህል ተደርጎ ነው። ለሽርሽር ብቻ ነው፤ ቤት ሲገቡ ይውለቅ፤ ያ ዙር ነገር ላይ ይንጠለጠላል።

ከጥያቄዎ ውስጥ ልቤ ላይ የቀረው ግን ስለ ቀበቶ ያልጠየቁበት ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ሲታገሉ ነው የሚውሉት» ያሉት። ውሾች ሲጫወቱ አንገት አንገት ነው የሚያያዙት። አንዱ የሌላውን አንገት ሲነክስ የታችኛው መንጋጋው ወይም የውሻ ክራንቻው ከቀበቶው ሥር ይገባል። መውጣት ሲያቅተው ይደነግጥና ይንከባለላል። በተንከባለለ ቁጥር ቀበቶው ይጠመዘዛል። ልብስ ሲጨመቅ እንደሚጠመዘዘው ማለት ነው። አንዱ ይታነቃል፤ የሌላው መንጋጋ ሊሰበር ይችላል። ሁለቱም ስለሚጮኹና ስለሚነክሱ ከሩቅ የሚያይ ሰው የተጣሉ ይመስለዋል። ሊገላግላቸው ይጎትታል። መጎተቱ ደግሞ ቀበቶውን ይበልጥ ያጠብቀዋል። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል።

እንዲህ ቢገጥምዎ አይጎትቷቸው። ያስጠጓቸው። ሁለቱ ሲቀራረቡ ቀበቶው ይላላል። ከዚያ አንዱን፣ አብዛኛውን ጊዜ ትንሹን፣ በተጠመዘዘበት ተቃራኒ አቅጣጫ ያንከባልሉት። ካልሆነ መቁረጥ ነው። ጫፉ ደነዝ የሆነ ጠንካራ መቀስ፣ ለፋሻ የሚያገለግለው ዓይነት፣ ሁሉም የሚያውቀው ቦታ ላይ ይስቀሉ። ዘለበቱን ለመፍታት አይድከሙ። የቀበቶ ዘለበት ለመፍታት መጀመሪያ የበለጠ መጥበቅ አለበት፤ ታንቆ ባለ ውሻ ላይ ይህ አይቻልም። በሁለት ጎኑ ተጭነው የሚከፍቱት የፕላስቲክ መቆለፊያ ይሻላል፣ ግን እሱም በኃይል ሲወጠር አልከፈት ይላል።

ታንቆ የተረፈ ውሻ ደህና ቢመስልም የዚያኑ ቀን ሐኪም ይየው። ከመታነቅ በኋላ ሳንባ ውስጥ ውሃ ሊሞላ ይችላል፤ ምልክቱም ከሰዓታት በኋላ ነው የሚመጣው። ማታ እየተጫወተ ተኝቶ ሌሊት መተንፈስ የሚያቅተው አለ።

መከላከያው ቀላል ነው። ሲታገሉ ቀበቶ አይኑራቸው። ግቢው ዝግ ከሆነና እርስዎ እያዩዋቸው ከሆነ አውልቁላቸው። እርስዎ ሳይኖሩ አብረው የሚውሉ ከሆነ ወይም ግቢው የሚያስመልጥ ከሆነ ደግሞ ሲሳብ በራሱ የሚከፈተውን ቀበቶ ይግዙ። መቆለፊያው የተወሰነ ኃይል ሲያርፍበት ይለቃል። አንዳንዶቹ በመቆለፊያው ግራና ቀኝ ሁለት ቀለበት አላቸው፤ ገመዱን በሁለቱም ውስጥ ካሳለፉት ኃይሉ መቆለፊያውን ስለሚያልፈው አይከፈትም። በአንዱ ብቻ ካሰሩት ግን ገመዱን ይዘው ይቀራሉ፣ ውሻው ይሄዳል። ስለዚህ ቤተሰቡ ሁሉ፣ ልጆቹም ጭምር፣ ይህን ይወቅ።

ሌላው አደጋ ኬጅ ነው። የሽቦ ኬጅ ውስጥ የሚያድር ውሻ ቀበቶውና ታጉ ሽቦው ላይ ይያዝበታል። ሲገባ ይውለቅ። አጥር የሚዘል ውሻም ቀበቶው እንጨት ላይ ተሰቅሎ ይንጠለጠላል። በሰንሰለት ታስሮ ብቻውን የሚውለውን አልነካካውም፤ ሌላ ቀን ለብቻው የምጽፍበት ጉዳይ ነው።

ስለ ጨርቁ ብዙ አልልም። ናይለን ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ግን ውሃ ይይዛል። ዋኝቶ ወይም ዝናብ መትቶት ሲገባ ያውልቁለት፤ እርጥብ ቀበቶ ሥር ቆዳ ይቀላል፣ ይቆስላል፣ ይሸታል። ቆዳ ሲለምድ ለስላሳ ነው፤ ሲረጥብ ግን ይለጠጣል። በፕላስቲክ የተለበጠው ውሃ አይጠጣም፣ በጨርቅ ተጠርጎ ይጸዳል፤ ብዙ ለሚቆሽሽ ውሻ እሱን እመርጣለሁ። ከብረቱ ሥር ያለው ቆዳ ብቻ ተለይቶ ከቀላና ጸጉሩ ከረገፈ ኒኬል ሊሆን ይችላል የማይስማማው፤ ስቴንለስ ብረት ያለውን ይቀይሩለት። ማታ የሚወጡ ከሆነ መብራት ሲያርፍበት የሚያበራ ክር ያለው ይሁን። ወርዱ ለትንሽ ውሻ አንድ ሳንቲሜትር ከምናምን፣ ለትልቁ ሁለት ተኩልና ከዚያ በላይ ቢሆን ይበቃል። ቀለሙን ልጆቹ ይምረጡ።

ታጉ ላይ መጀመሪያ የማስቀርጸው ስልክ ቁጥር ነው። ውሻ ያገኘ ሰው የሚፈልገው የሚደውልበትን ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይነገረዋል። ቢቻል ሁለት ቁጥር ይሁን፣ የሁለት የተለያዩ ሰዎች። ውሻው የጠፋው እርስዎ ስልክዎን ቤት ረስተው ሲፈልጉት ቢሆንስ? ከአገር የሚወጡ ከሆነ የአገሩ መለያ ቁጥርም ይግባ። ከተቀረጸ በኋላ ደግሞ ታጉን እያነበቡ ይደውሉ። ከራስዎ ትዝታ ሳይሆን ከታጉ እያነበቡ። አንድ አሃዝ የተሳሳተበት ታግ ለዓመታት አንጠልጥሎ የኖረ ውሻ አጋጥሞኛል፤ የታወቀውም ሲጠፋ ነው።

የውሻው ስም ይጻፍ አይጻፍ የሚለው ክርክር አያልቅም። አይጻፍ የሚሉት ሌባ በስሙ እያባበለ ይወስደዋል ብለው ነው። እኔን ብዙም አላሳመነኝም። ውሻ የሚሰርቅ ሰው ስም አያስፈልገውም፤ ሥጋ ይበቃዋል። የፈራ ውሻን ግን በስሙ መጥራት ያረጋጋዋል። ቦታ ካለ ስሙ ይግባ፣ ቦታ ከጠበበ ስልኩ ይቅደም። ሙሉ አድራሻን በተመለከተ የሚኖሩበት አገር ሕግ ካለ እሱ ይቀድማል። ለምሳሌ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ደንብ ውሻ ሕዝብ በሚገኝበት ቦታ ሲወጣ የባለቤቱ ስምና አድራሻ ቀበቶው ወይም ታጉ ላይ እንዲኖር ያዝዛል። ሕግ ካላስገደደ የሰፈሩ ስም ይበቃል።

መድኃኒት በየቀኑ የሚወስድ ውሻ ካለ «መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ይደውሉ» የሚል አንድ መስመር ሕይወት ያተርፋል። ያገኘው ሰው «ነገ እደውላለሁ» ብሎ እንዳያሳድረው ነው። ማይክሮቺፕ ካለው «ቺፕ አለኝ» ይጨመር። ሽልማት እሰጣለሁ ብሎ የገንዘብ መጠን መጻፍ ግን አልወድም። ጽሑፉ ሰፈሩ በሚያነበው ቋንቋ ይሁን፣ ፊደሉም ትልቅ። መነጽር የሌለው ሰው ማታ በስልክ መብራት ካላነበበው ምን ዋጋ አለው?

ስቴንለስ ብረትና ናስ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ ግን ለስላሳ ስለሆነ ጽሑፉ ቶሎ ይፋቃል። ቀለም ከላይ የተቀባበት ሳይሆን ጠልቆ የተቀረጸው ይሻላል። ጥፍርዎን ሲያሳልፉበት ጎድጎድ ማለት አለበት። ለትንሽ ውሻ ከባድ ታግ አያንጠልጥሉ፤ እኛ አንገት ላይ ቁልፍ አንጠልጥሎ እንደመዋል ነው። ከምን እንደተሠራ የማይታወቅ ርካሽ ብረትም አይመቸኝም። ዚንክ የበዛበት ብረት ከተዋጠ የጨጓራ አሲድ ያሟሟውና ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል። ሁለት የሚታገሉ ውሾች ባሉበት ቤት ታግ መዋጡ ደግሞ ሩቅ ነገር አይደለም።

ታግ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በማንጠልጠያው ነው። የ«S» ቅርጽ ያለው ሽቦ ቶሎ ይከፈታል፤ በነፃ ቢሰጥዎም ይጣሉት። እንደ ቁልፍ መያዣ ሁለት ጊዜ የተጠመዘዘው ቀለበት ይሻላል፤ ጥፍር የሚሰብር ጠንካራ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ለእርስዎ ቤት ግን ከዚህም የተሻለ አለ። ቀበቶው ላይ ተኝቶ የሚያርፍ፣ በራሱ በቀበቶው ውስጥ የሚሾልክ ወይም በብረት ችንካር የሚመታ ጠፍጣፋ ታግ። አይንጠለጠልም፣ አይንሿሿም፣ ሌላው ውሻ በጥርሱ አይይዘውም። ካየሁት ሁሉ የሚጠፋው በጣም ጥቂቱ እሱ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ታግ ከተሰጠዎት እሱም ይኑር፤ መከተቡን ላገኘው ሰው ይነግረዋል። የስልክ ቁጥርዎን ግን አይተካም።

ታጉ እስኪሠራ ድረስ ዛሬ ማታ በማይለቅ እስክሪብቶ ስልክዎን ቀበቶው ላይ ይጻፉት። በውጭ በኩል፣ በትልቁ። ዕቃው እስኪመጣ ሲጠብቁ የጠፉ ውሾች ብዙ ናቸው።

ማይክሮቺፕ ካለ ታግ ያስፈልጋል ወይ ላሉት፣ አዎ፣ ያስፈልጋል። ቺፑ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር ናት። በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ከቆዳ ሥር በመርፌ ትገባለች። ባትሪ የላትም። ማንበቢያው መሣሪያ ሲጠጋት ብቻ ነቅታ ቁጥሯን ትናገራለች፤ በዓለም አቀፉ ደረጃ የተሠራችው 15 አሃዝ ነው ያላት፣ የምትነበበውም በ134.2 ኪሎኸርዝ ነው። ውሻው የት እንዳለ አታሳይም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ቁጥሯም ብቻውን ምንም አይደለም፤ መዝገብ ላይ ከስምዎና ከስልክዎ ጋር መያያዝ አለበት።

ጥቅሟ ግን ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በ53 የእንስሳት መጠለያዎች የገቡ እንስሳትን ተከታትሏል። ቺፕ ካላቸው ውሾች ከ100 52 ያህሉ ወደ ባለቤታቸው ተመልሰዋል፤ ከጠቅላላው ባዝነው ከገቡት ውሾች ግን 22 ገደማ ብቻ ናቸው የተመለሱት። ቺፕ እያላቸው ባለቤታቸው ያልተገኘላቸውን ሲያዩ ደግሞ ዋነኛው ምክንያት የተሳሳተ ወይም የተቋረጠ ስልክ ቁጥር ነበር። ስልክ በቀየሩ ቀን መዝገቡንም ይቀይሩ። ለክትባት ሲሄዱም «ቺፑን አንብቡልኝ» ይበሉ፤ አንዳንዴ ከቦታዋ ትንሸራተታለች።

እንግዲህ ልዩነቱን ያዩታል። የእርስዎን ቡችላ ያገኘው ልጅ ማንበቢያ መሣሪያ በኪሱ አልነበረም። ዓይን ግን ነበረው። ታጉ ለእሱ ነው። ቀበቶው ቢወልቅ ወይም ታጉ ቢበጠስ ደግሞ ቺፑ ለሐኪሙና ለመጠለያው ይናገራል።

ኪውአር ኮድ ያለው ታግ ክፉ አይደለም፤ ብዙ መረጃ ይይዛል። ግን ያገኘው ሰው ስማርት ስልክ፣ ኢንተርኔትና ፍላጎት ሊኖረው ይገባል፤ አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት ከተዘጋም ኮዱ ባዶ ሥዕል ነው። ከጎኑ ስልክ ቁጥር ተቀርጾበት ከሆነ እሺ። ጂፒኤስ ውሻው ያለበትን በእርግጥ ያሳያል፤ ባትሪው መሞላት፣ ኔትወርኩም መኖር አለበት፣ ለትንሽ ውሻም ይከብዳል። እንደ አፕል ኤርታግ ያሉት ለዕቃ መፈለጊያ የተሠሩ ናቸው፤ የሚሠሩትም በአቅራቢያቸው ሌላ ስልክ ካለ ነው። ውስጣቸው ያለው የሳንቲም ባትሪ ነው ይበልጥ የሚያሳስበኝ። ውሻ ከዋጠው የጉሮሮውን ቧንቧ በአጭር ጊዜ ያቃጥለዋል። ትልቋ ውሻዎ ከቡችላው አንገት ላይ አላቃ ብታኝከውስ? ተውጧል ብለው ከጠረጠሩ እንዲያስታውክ ለማድረግ አይሞክሩ፤ ወደ ሐኪም ይሩጡ።

የቀረችው የ8 ዓመቷ ናት። «እሷ እኮ ከግቢ አትወጣም» እንደሚሉኝ ይገባኛል። በር ክፍት የሚረሳበት ቀን፣ እንግዳ የሚበዛበት ቀን፣ ርችት የሚተኮስበት ሌሊት ግን ይመጣል። ለእሷም ታግ ያለው ቀበቶ ያስፈልጋታል። በአንድ ጊዜ አያስሩባት። መጀመሪያ ቀበቶውን የምትተኛበት ቦታ አጠገብ ያስቀምጡት፤ ታሽትተው። በማግስቱ አንገቷ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያድርጉትና የምትወደውን ነገር እየሰጡ ያውልቁት። ደቂቃውን በየቀኑ ይጨምሩ። መጀመሪያ ላይ ታካዋለች፣ መሬት ላይ ትተሻሸለች፤ ይህ የተለመደ ነው። ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላም ማከኳን ካላቆመች ግን ከሥሩ ያለውን ቆዳ ይዩ፤ ቀልቶ ወይም ጸጉሩ ሳስቶ ከሆነ ጨርቁን ይቀይሩላት። በዚህ ዕድሜ አንገቷ ላይ እባጭ ወይም ሕመም ካለ ቀድሞ የሚታወቀውም በዚሁ አጋጣሚ ነው፤ ሲነኳት ከተሸማቀቀች ለሐኪም ያሳዩአት። ስትለምደው ደግሞ ከቡችላው ጋር ልትታገል ስትነሳ ማውለቁን አይርሱ።